የጠገራ ብር ገጽ፦ ጥንታዊ የብር ሳንቲምን ማጽዳት ስለሚያጠፋው ዋጋና ታሪክ

መግቢያ

በውጭ አገር በምንኖር ኢትዮጵያውያን ቤት ከአሮጌ ፎቶግራፎች፣ ከትምህርት ማስረጃዎችና ዘመናቸው ካለፈ ፓስፖርቶች ጋር በአንድ ሳጥን ተቀምጠው ከሚገኙት ቅርሶች መካከል የብር ሳንቲሞች አሉ። አንዱ ማሪያ ትሬዛ ነው፤ ሌላው የምኒልክ ብር፣ አላድ ወይም ተሙን ነው። ከአያት ወደ እናት፣ ከእናት ወደ ልጅ ሲተላለፍ ኖሮ በመጨረሻ በስደተኛ ሻንጣ ሥር ተሸሽጎ ከአገር የወጣ ነው። ዓመት በዓል ወይም ሠርግ ሲመጣ ሳጥኑ ይከፈታል፤ ብሩ ጠቁሮ ይገኛል። ከዚያም አንድ ደግ እጅ በሎሚና በአመድ፣ ወይም በዘመኑ ልማድ በጥርስ ሳሙናና በብሩሽ፣ እንደ መስተዋት እስኪያበራ ድረስ ይፈትገዋል።

ይህ ጽሑፍ ያ ደግ እጅ ሳያውቅ ስለሚያጠፋው ነገር ነው። ጉዳዩ ለታሪክ ተመራማሪ አነስተኛ መስሎ ሊታይ ይችላል። ይሁን እንጂ በእኔ አስተያየት ሁለት ቁም ነገሮችን በአንድነት ይዟል። አንደኛው የገንዘብ ነው፤ የጸዳ ሳንቲም በሰብሳቢዎች ዘንድ ደረጃውን፣ ከደረጃውም ጋር ዋጋውን ያጣል። ሁለተኛው የታሪክ ነው፤ ከሳንቲሙ ላይ በፈተጋ የሚነሣው «እድፍ» ብዙውን ጊዜ ሳንቲሙ የት እንደተመታ፣ በማን እጅ እንዴት እንደኖረ የሚመሰክር ማስረጃ ነው። ሁለቱ ቁም ነገሮች የተለያዩ ቢመስሉም ሥራቸው አንድ መሆኑን ለማሳየት እሞክራለሁ። የዘመን አቆጣጠርን በተመለከተ፣ በኢትዮጵያ አቆጣጠር የተጻፈውን ዓመት ዓ.ም.፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተጻፈውን እ.ኤ.አ. በማለት ለይቻለሁ።

ከራሴ ስሕተት ልጀምር

በ1979 ዓ.ም. ከአገር ስወጣ አያቴ አንድ የምኒልክ ብር በእጄ አስጨበጡኝ። እንደነገሩኝ ከሆነ ብሩን የሰጧቸው እናታቸው ናቸው፤ በሠርጋቸው ማግስት። በጠላት ወረራ ዘመን፣ ጣሊያን ጠገራውን ከሕዝቡ እጅ አስወጥቶ በሊሬ ለመተካት በሚጥርበት ጊዜ፣ አያቴ ብሩን በመቀነታቸው ጫፍ ሰፍተው አምስቱን ዓመት አሳለፉት። እኔም ይህን ታሪክ እንደ ማንኛውም የአያት ወግ ሰምቼ ብሩን በኪሴ ከትቼ ሄድሁ።

ከሁለት ዓመት በኋላ በአንድ የአውሮፓ ከተማ ተማሪ ሳለሁ የቤት ኪራይ አጠረኝ። ብሩን ለመሸጥ ቆረጥሁ። ለገዢ ዓይን እንዲያምር በማሰብ ማታ ቁጭ ብዬ በጥርስ ሳሙናና በአሮጌ ብሩሽ ፈተግሁት። በማግስቱ ለአንድ ሽማግሌ የሳንቲም ነጋዴ ባቀርብለት ብሩን በጠርዙ ይዞ በመብራት ሥር አዘነበለው፤ ወዲያና ወዲህ አገላበጠው፤ ከዚያም «ማን አጠበው?» ሲል ጠየቀኝ። እኔ መሆኔን ስነግረው አጉሊ መነጽሩን አስቀምጦ ሚዛኑን አነሣ። የሰጠኝም ዋጋ የብሩን ክብደት ብቻ የተከተለ ነበር። «ትናንት አምጥተኸው ቢሆን ኖሮ ስለ ሳንቲም እንነጋገር ነበር፤ ዛሬ ግን የምንነጋገረው ስለ ብርነቱ ነው» አለኝ። አልሸጥሁትም፤ ኪራዩን ከጓደኛ ተበድሬ ከፈልሁ።

ከገንዘቡ ይልቅ የሚቆጨኝ ሌላ ነገር ነው። ከመፈተጌ በፊት በአንበሳው በኩል ባለው ገጽ ላይ እንደ ሸማ ድርና ማግ የተጠላለፈ ጠይም መስመር ነበረበት። በዚያን ጊዜ እድፍ መስሎኝ ነበር። ብር በጨርቅ ተጠቅልሎ ለብዙ ዓመት ሲቀመጥ ጨርቁ በሚነካው ስፍራና በማይነካው ስፍራ ጥቁረቱ እኩል ስለማይሆን የሽመናው ዐሻራ በብሩ ገጽ ላይ እንደሚቀር ያወቅሁት ከብዙ ዓመት በኋላ ነው። ያጠፋሁት የአያቴን መቀነት ዐሻራ ሳይሆን አይቀርም። «ሳይሆን አይቀርም» ለማለት የተገደድሁትም ማስረጃውን ራሴ ስላጠፋሁት ነው።

ሦስት የዋጋ መለኪያዎች

የብር ሳንቲም ዋጋ በታሪክ ውስጥ በሦስት ነገሮች ሲለካ ኖሯል፤ በክብደቱ፣ በመልኩና በገጹ። ማጽዳት የሚያስከትለውን ጉዳት ለመረዳት እነዚህን ሦስቱን ለይቶ ማየት ያስፈልጋል።

ክብደት ስንል በውስጡ ያለውን የንጹሕ ብር መጠን ማለታችን ነው። በቋንቋችን የማዕድኑና የገንዘቡ ስም አንድ «ብር» መሆኑ ይህ መለኪያ ምን ያህል ሥር የሰደደ እንደነበረ ያሳያል። ማሪያ ትሬዛ 28 ግራም ከጥቂት ነጥብ ይመዝናል፤ ከሺህ እጅ 833ቱ ብር ሲሆን የቀረው መዳብ ነው። ስለዚህ በእያንዳንዱ ጠገራ ውስጥ 23.4 ግራም ያህል ንጹሕ ብር አለ። በዓለም ገበያ ብር በሚሸጥበት የወቄት መለኪያ ሲሰላ ሦስት አራተኛ ወቄት ያህል ነው። በፓሪስ የተመታው የምኒልክ ብርም ከማሪያ ትሬዛ ጋር ተፎካካሪ እንዲሆን ታስቦ በክብደትም ሆነ በጥራት ለእርሷ እጅግ የቀረበ ሆኖ ተዘጋጀ። በክብደት ለሚገዛ ሰው፣ ለምሳሌ ብሩን አቅልጦ መስቀል ወይም አልቦ ለሚሠራ አንጥረኛ፣ ሳንቲሙ ይጽዳ አይጽዳ ለውጥ የለውም።

መልክ ስንል ደግሞ ሳንቲሙ እውነተኛ መሆኑን የሚያሳውቀውን ምልክት ማለታችን ነው። ሦስተኛው መለኪያ፣ ማለትም ገጽ፣ ሳንቲሙ ከማተሚያው ሲወጣ የነበረውን የላይኛውን ቆዳ እስከ ዛሬ ምን ያህል ጠብቆ እንዳቆየ የሚመለከት ነው። የዘመናችን ሰብሳቢ የሚገዛው በዋነኛነት ይህን ሦስተኛውን ነው።

የጥንቱ ገበያ ደረጃ ምደባ

የሳንቲምን ገጽ መርምሮ ደረጃ መስጠት የፈረንጆች ፈሊጥ ብቻ የሚመስላቸው ወገኖች አሉ። የእኛ ገበያ ታሪክ ግን ሌላ ይናገራል።

የኦስትሪያዋ ገዢ፣ የሃንጋሪና የቦሔሚያ ንግሥት ማሪያ ትሬዛ በ1780 እ.ኤ.አ. ካረፈች በኋላ ያ ዓመተ ምሕረት የተቀረጸበት ብር በዚያው መልክና በዚያው ዓመት መመታቱን ቀጠለ። ምክንያቱም በቀይ ባሕር ዙሪያ ያለው ነጋዴ ሌላ መልክ ያለውን ብር አልቀበልም ስላለ ነው። የእንግሊዝ ጦር በ1867 እና በ1868 እ.ኤ.አ. ወደ መቅደላ ሲዘምት ለስንቅና ለጭነት ከብት የሚከፍለው ገንዘብ የግድ ይህ ጠገራ መሆን ስለነበረበት በቪየና በሚሊዮን የሚቆጠር ጠገራ ለማስመታት ተገዷል።

በዚያን ዘመን ኢትዮጵያን የጎበኙ መንገደኞች ገበሬውና ነጋዴው ጠገራውን ከመቀበሉ በፊት በጥንቃቄ እንደሚመረምረው ጽፈዋል። በንግሥቲቱ የራስ ጌጥ ላይ ያሉት ሉሎች ተለይተው መታየት ነበረባቸው፤ በትከሻዋ ላይ ያለው የልብስ መያዣ ጌጥም ጎልቶ መታየት ነበረበት። ሉሉ የተበላበት ብር ክብደቱ ሙሉ ቢሆንም እንኳ ከእጅ ወደ እጅ በቀላሉ አያልፍም ነበር። ፕሮፌሰር ሪቻርድ ፓንክረስት በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. ስለ ማሪያ ትሬዛ ብር ባወጧቸው ጥናቶች ይህን የገበያ ልማድ የሚመለከቱ በርካታ ምስክርነቶችን አሰባስበዋል።

ከዚህ ላይ ልብ ማለት የሚገባን ነገር አለ። ሉሎቹና የትከሻው ጌጥ በሳንቲሙ ላይ ከፍ ብለው የተቀረጹ ክፍሎች ናቸው። ሳንቲም ሲፈተግ ደግሞ አስቀድሞ የሚበላው ከፍ ያለው ክፍል ነው። አመድ ለስላሳ ቢመስልም በውስጡ ብርን የሚቧጥጡ ደቃቅ ጠጣር ቅንጣቶች አሉት። በየበዓሉ በአመድ የሚፈተግ ጠገራ በኪስ ውስጥ ከሚኖር ጠገራ ቀድሞ ሉሎቹን ያጣል። ስለዚህ አብዝቶ መፈተግ በሰብሳቢ ዓይን ብቻ ሳይሆን በዚያው በጥንቱ ገበያ መለኪያ እንኳ ዋጋን የሚቀንስ ሥራ ነበር። አያቶቻችን ቁጥር አልሰጡትም እንጂ ደረጃ ምደባን ያውቁ ነበር። እኛ ብሩን ወርሰን የመመርመሪያውን ዕውቀት ሳንወርስ ቀረን።

ብር ለምን ይጠቁራል?

ብር እንደ ብረት አይዝግም። በአየር ውስጥ ካለው፣ ከሱፍ፣ ከቆዳ፣ ከጎማና ከአንዳንድ ወረቀት ከሚወጣው የድኝ ውሁድ ጋር ሲገናኝ ግን በላዩ ላይ እጅግ ስስ የሆነ የብርና የድኝ ልባስ ይፈጠራል። ልባሱ ገና ስስ ሳለ ብርሃን በላዩና በሥሩ ሲንጸባረቅ ቀለማትን ይፈጥራል፤ መጀመሪያ ወርቃማ፣ ቀጥሎ ሐምራዊና ሰማያዊ፣ በመጨረሻም ልባሱ ሲወፍር ጥቁር ይሆናል። በጠገራው ውስጥ ያለው መዳብም ለዚህ ለውጥ የራሱን ድርሻ ያደርጋል።

ይህን ልባስ ከእድፍ ለይቶ ማየት ያስፈልጋል። እድፍ ከውጭ መጥቶ በሳንቲሙ ላይ የተቀመጠ ነገር ነው። ልባሱ ግን የራሱ የሳንቲሙ ብር ተለውጦ የሆነው ነው። ስለዚህ ልባሱን የሚያነሣ ሰው አንድ ጊዜ የሳንቲሙ ገጽ የነበረውን ብር አብሮ እያነሣ ነው። ዘገምተኛና እኩል የሆነ ልባስ በሥሩ ያለውን ብር ከተጨማሪ ለውጥ በመጠኑ ይከልለዋል እንጂ አያጠፋውም።

ሁለተኛው መታወቅ ያለበት ነገር የአዲስ ሳንቲም ወዝ ነው። ሳንቲም ሲመታ ብሩ በማተሚያው ኃይል ከመካከል ወደ ጠርዝ ይፈስሳል፤ በገጹም ላይ በዓይን የማይታዩ እጅግ ደቃቅ የፍሰት መስመሮች ይቀራሉ። ሳንቲሙን በመብራት ሥር ስናዘነብለው እንደ ጋሪ መንኮራኩር የሚሽከረከር የሚመስለው ብርሃን የሚመነጨው ከእነዚህ መስመሮች ነው። ይህ ወዝ አንድ ጊዜ ከጠፋ በምንም ጥበብ አይመለስም። የተፈተገ ሳንቲምም ያበራል፤ ነገር ግን ብርሃኑ የተወለወለ ማንኪያ ብርሃን ነው፤ አይሽከረከርም። ሽማግሌው ነጋዴ ብሬን ያዘነበለው ይህን ሊያይ ነበር።

የማጽጃ ዘዴዎችና ጉዳታቸው

በቤት ውስጥ የሚሠራባቸውን ዘዴዎች በሦስት መመደብ ይቻላል።

የመጀመሪያው መፈተግ ነው። አመድ፣ አሸዋ፣ የጥርስ ሳሙና፣ ሶዳ፣ የብር መወልወያ ቅባትና ጨርቅ ሁሉ እዚህ ይመደባሉ። ሁሉም በገጹ ላይ እንደ ፀጉር የቀጠኑ ትይዩ ጭረቶች ይተዋሉ። እነዚህ ጭረቶች በተራ ብርሃን ላይታዩ ይችላሉ፤ በአንድ መብራት ሥር ሳንቲሙ ሲዘነበል ግን በአንድ አቅጣጫ ተሰልፈው ይታያሉ። በገበያ ላይ በመዘዋወር የሚመጣ ጭረት በየአቅጣጫው የተበተነ ስለሆነ ባለሙያ ሁለቱን አያምታታም።

ሁለተኛው በአሲድ መንከር ነው። የሎሚ ጭማቂና ኮምጣጤ ከዚህ ወገን ናቸው፤ በመደብር የሚሸጠው የብር ማጽጃ ፈሳሽ ግን ከእነርሱ ይልቅ ኃይለኛ ነው። ፈሳሹ ልባሱን ያሟሟዋል፤ ሳንቲሙም በሰከንዶች ውስጥ ይነጣል። ጭረት ባይተውም በተነከረ ቁጥር ከገጹ ጥቂት ስለሚወስድ የፍሰት መስመሮቹ እየተስተካከሉ ይሄዳሉ። ደጋግሞ የተነከረ ሳንቲም ነጭ ሆኖ ሳለ የሞተ ይመስላል።

ሦስተኛው በአሉሚኒየም፣ በሶዳና በፈላ ውሃ የሚሠራው ነው። በዚህ ዘዴ ድኙ ከብሩ ወደ አሉሚኒየሙ ይተላለፋል፤ ብሩም በስፍራው ይመለሳል። ስለዚህ «ምንም አይቀንስም» እየተባለ ይመከራል። ነገር ግን የተመለሰው ብር እንደ ቀድሞው ጠጣር ገጽ ሆኖ አይቀመጥም፤ ልል ሆኖ የደበዘዘ መልክ ይሰጣል። በተጨማሪም በፊደሎቹና በምስሉ ጎድጓዳ ስፍራ ያለውን ጥላ ሳይቀር ስለሚያነሣ ቅርጹ ጎልቶ የሚታይበት ልዩነት ይጠፋል።

ደረጃና ዋጋ

የዛሬው የደረጃ ቁጥር የመነጨው ዊልያም ሼልደን የተባለ አሜሪካዊ በ1949 እ.ኤ.አ. ስለ ቀደምት የአሜሪካ የመዳብ ሳንቲሞች ባሳተመው መጽሐፍ ካቀረበው ከ1 እስከ 70 የሚደርስ መለኪያ ነው። 1 ማለት ምንነቱ ብቻ የሚታወቅ የተበላ ሳንቲም ሲሆን ከ60 እስከ 70 ያለው በገበያ ላይ ያልዋለ ሳንቲም ነው። ይህ መለኪያ ከጊዜ በኋላ ለሌሎች ሳንቲሞች ሁሉ ዋለ። በ1986 እና በ1987 እ.ኤ.አ. ፒ.ሲ.ጂ.ኤስ. እና ኤን.ጂ.ሲ. የተባሉት ሁለት የአሜሪካ ድርጅቶች ሳንቲምን መርምረው፣ ቁጥር ሰጥተው፣ በጠንካራ ፕላስቲክ አሽገው መመለስ ከጀመሩ ወዲህ በገዢና በሻጭ መካከል ያለው ንግግር በአብዛኛው በዚህ ቁጥር ላይ የተመሠረተ ሆነ።

በእነዚህ ድርጅቶች ሥርዓት ያለ አግባብ የጸዳ ሳንቲም ቁጥር አያገኝም። እውነተኛነቱና የመበላቱ መጠን ይገለጻል፤ አጠገቡም መጽዳቱ ይጻፍበታል። በመበላት ረገድ ፍጹም እኩል የሆኑ ሁለት የምኒልክ ብሮች ቢቀርቡ፣ አንዱ ጠይም ሆኖ ቁጥር ሲያገኝ ሌላው እያበራ ቁጥር አጥቶ ይመለሳል። በዋጋ በኩል ያለው ልዩነት እንደ ሳንቲሙ ብርቅነት ይለያያል። በብዛት የሚገኝና የተበላ ማሪያ ትሬዛ ዋጋው ከብርነቱ እምብዛም ስለማይርቅ ቢጸዳም የሚያጣው ጥቂት ነው። ብርቅ የሆነና ወዙን የጠበቀ የምኒልክ ብር ግን በአንድ ምሽት ፈተጋ ከዋጋው ግማሽና ከዚያም በላይ ሊያጣ ይችላል። ጉዳቱ የሚከፋው እጅግ በተዋበው ላይ ነው ማለት ነው።

በእርግጥ ሰብሳቢዎችም ሁልጊዜ እንዲህ አላሰቡም። በአሥራ ዘጠነኛው መቶ ዘመንና ከዚያም በኋላ ብዙ የአውሮፓና የአሜሪካ ሰብሳቢዎች፣ አንዳንድ ቤተ መዘክሮችም ጭምር፣ ሳንቲሞቻቸውን ይወለውሉ ነበር። ያልተነካ ገጽ የተወደደው አብዛኛው ከተነካ በኋላ ነው። ከዚህም የተነሣ ሌላ ማጭበርበር ተፈጠረ፤ የተፈተገን ብር በድኝ ወይም በሙቀት አጥቁሮ የዕድሜ ልባስ ያለው ማስመሰል። ባለሙያ ግን በሐሰተኛው ጥቁረት ሥር ያሉትን ጭረቶች ያያል።

ገጹ እንደ ታሪክ ሰነድ

እስካሁን የተነገረው ስለ ገበያ ነው። ለታሪክ ተመራማሪው ግን ከዚህ የበለጠ ምክንያት አለ።

በማሪያ ትሬዛ ላይ የተጻፈው 1780 የሚለው ዓመት ስለ ሳንቲሙ ዕድሜ ምንም አይነግረንም። ቪየና ይህን ብር ሳትተው መታችው። ሙሶሊኒ ኢትዮጵያን ለመውረር ሲዘጋጅ በ1935 እ.ኤ.አ. የማተሚያውን ቅርጽ ከኦስትሪያ ተቀብሎ በሮማ አስመታ። የለንደን ማተሚያ ቤት በ1936 እ.ኤ.አ. የራሱን ቅርጽ አዘጋጅቶ ጀመረ፤ ፓሪስና ብራስልስም መቱ፤ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ደግሞ ቦምቤይ ታከለች። በሁሉም ላይ ያለው ዓመት ያው 1780 ነው። እንግዲህ በእጃችን ያለው ጠገራ በዘመነ መሳፍንት የገባ ይሁን፣ ወይስ ፋሺስቶች ባንዳ ለመግዛት ያስመቱት፣ በምን እናውቃለን? የምናውቀው በጥቃቅን የቅርጽ ልዩነቶች ብቻ ነው፤ በትከሻው ጌጥና በሉሎቹ አሠራር፣ በንስሩ ክንፍና ጅራት ላባዎች፣ በፊደሎቹና በነጥቦቹ አቀማመጥ፣ በጠርዙም ላይ ባለው ፍትሕንና ምሕረትን በሚያወሳው የላቲን ጽሑፍ። እነዚህ ሁሉ ፈተጋ አስቀድሞ የሚበላቸው ናቸው። ጠገራን መፈተግ እውነተኛ ዓመቱን መፋቅ ነው።

የምኒልክ ብርም እንዲሁ ነው። የመጀመሪያው የ1887 ዓ.ም. ሲሆን በፓሪስ ተመትቶ መጣ። በተለያዩት ዓመታት በተመቱት ላይ አንበሳው የሚያነሣው እግር ግራ ወይም ቀኝ ይሆናል፤ የፓሪስን ማተሚያ ቤት የሚያመለክት ትንሽ ምልክትም አለ። በገጠሩ ገበያ ማሪያ ትሬዛ ስፍራዋን ስላልለቀቀች ብዙው የምኒልክ ብር ከገበያ ይልቅ በሣጥንና በመቀነት ኖረ። በዚህም ምክንያት ገጹን ጠብቆ የቆየ የምኒልክ ብር ስለ አገዛዙ የገንዘብ ፖሊሲ ተቀባይነት የሚናገረው ነገር አለው። ሳይበላ ጠቁሮ የተገኘ ብር «አልተገበያዩብኝም፤ አስቀምጠውኝ ነበር» ይላል። ከተፈተገ በኋላ ግን የተበላው በገበያ ይሁን በአመድ ለመለየት ያስቸግራል።

ወደ ኋላ ርቀን ወደ አክሱም ብንሄድ ጉዳዩ ይበልጥ ግልጽ ይሆናል። ከንጉሥ እንዱቢስ ጀምሮ፣ ማለትም ከሦስተኛው መቶ ዘመን መጨረሻ ገደማ፣ አክሱም በወርቅ፣ በብርና በመዳብ ሳንቲም መታች። በአንዳንዶቹ የብርና የመዳብ ሳንቲሞች ላይ፣ ለምሳሌ በንጉሡ ራስ ዙሪያ፣ እጅግ ስስ ወርቅ ተለብጧል። በግእዝ ስሙን በሳንቲም ላይ ያስቀረጸው የንጉሥ ወዜባ ብር በወርቅ ከተለበጡት አንዱ ነው። በሌላው ዓለም የዘመኑ ሳንቲሞች ዘንድ ይህን የመሰለ ሥራ አልተለመደም። ከአፈር የወጣን እንዲህ ያለ ሳንቲም በሎሚና በብሩሽ የሚያጸዳ ሰው አንድ ሺህ ሰባት መቶ ዓመት ያህል የቆየውን ወርቅ ከአረንጓዴው ዝገት ጋር አጥቦ ያፈስሰዋል።

«ታዲያ ጨርሶ አይነካ?»

እዚህ ላይ ተገቢ ተቃውሞ ሊነሣ ይችላል። ከአፈር የወጣ ሳንቲም በዝገት ተሸፍኖ ፊደሉ ካልተነበበ ለታሪክ ምን ይጠቅማል? ይህ እውነት ነው። የአክሱም ሳንቲሞች ንባብ ራሱ በቤተ መዘክር ባለሙያዎች የጽዳት ሥራ የተገኘ ነው። ነገር ግን የእነርሱ ሥራ ከእኛ ፈተጋ በዓላማም በአሠራርም ይለያል። ባለሙያው በአጉሊ መነጽር ሥር ባዕዱን ነገር ብቻ ያነሣል፤ ከሥሩ ያለውን ገጽ ለማትረፍ ይሠራል፤ ያደረገውንም ጽፎ ያስቀምጣል። እኛ ግን ሳንቲሙ እንዲያበራ እንሠራለን፤ ምንም አንጽፍም።

ሌላው ተቃውሞ ከቤት የሚመጣ ነው። «ብሩ የአንገት ጌጥ ነው፤ ለሙሽራዋ ሊደረግ ነው፤ ጠቁሮ እንዴት ይደረጋል?» የሚሉ እናቶች ቅር ሊሰኙ አይገባም። ቀድሞውኑ ማንጠልጠያ የተበየደበት ወይም የተበሳ ብር በሰብሳቢ ዘንድ ደረጃ የለውም፤ ሕይወቱ የጌጥ ሕይወት ነው፤ መወልወሉም የዚያ ሕይወት ክፍል ነው። ጥንቃቄ የሚያሻው ያልተበሳው፣ ሳይነካ ተቋጥሮ የኖረው ነው።

ሳንቲምን ሳይጎዱ ማድረግ የሚቻለው ጥቂት ነው። ቅባትና ሙጫ ያለበትን፣ ወይም በለስላሳ ፕላስቲክ ከረጢት ውስጥ ቆይቶ አረንጓዴ የሚያጣብቅ ነገር የያዘውን፣ ነፋስ ባለበትና እሳት በሌለበት ስፍራ ንጹሕ አሴቶን ውስጥ መንከር ይቻላል፤ አሴቶን ቅባቱን ያነሣል እንጂ ብሩንም ሆነ ልባሱን አይነካም። አፈር ብቻ ካለበት በዲስቲልድ ውሃ ዘፍዝፎ፣ ሳያሹ፣ በለስላሳ ጨርቅ ላይ አሳርፎ ማድረቅ ነው። ከዚያ ያለፈው ሁሉ ለባለሙያ የሚተው ነው። ሳንቲምን በጠርዙ መያዝ፣ ከሱፍ፣ ከጎማና ከለስላሳ ፕላስቲክ ማራቅ፣ ደረቅ ስፍራ ማስቀመጥ ግን የሁላችንም ድርሻ ነው።

መደምደሚያ

ማሪያ ትሬዛ በ1937 ዓ.ም. ሐምሌ ወር አዲሱ የኢትዮጵያ ገንዘብ ሲታወጅ ስፍራዋን ለወረቀት ገንዘብ ለቀቀች። ከዚያ ወዲህ ስንቱ ጠገራ በአንጥረኛ እሳት እንደቀለጠ፣ ስንቱ ለቱሪስት እንደተሸጠ የቆጠረ የለም። በስደት ዓለም በየቤታችን የቀረው ትንሽ ክፍል ነው። ያም ትንሽ ክፍል ባለቤቶቹ አርጅተው ወደ ልጆች እጅ በሚተላለፍበት ጊዜ ላይ እንገኛለን። ልጆቹ ብሩ ከየት እንደመጣ ካላወቁ በመጀመሪያ ያጸዱታል፤ ቀጥሎም በሚዛን ይሸጡታል። ሁለቱንም በቅንነት ነው የሚያደርጉት፤ እኔም በቅንነት ነበር ያደረግሁት።

ስለዚህ ለዚህ መጽሔት አንባብያን የማቀርበው ሐሳብ ቀላል ነው። በቤታችሁ ያለውን ብር አትፈትጉት። ይልቁንም አንድ ወረቀት አንሥታችሁ ከማን እጅ እንደተገኘ፣ በየትኛው ዓመት፣ ከየት አገር፣ በምን ተጠቅልሎ እንደኖረ ጻፉና አብራችሁ አስቀምጡት። ለሽያጭ ቢቀርብ ወረቀቱ ዋጋውን አይቀንስም፤ ለቤተ መዘክር ቢሰጥ ያለ ወረቀቱ ግማሽ ነው።

የአያቴ ብር ዛሬም ከእኔ ጋር አለ። ከሠላሳ ዓመት በላይ በወረቀት ተጠቅልሎ ስለቆየ እንደገና ጠይም መሆን ጀምሯል። የመቀነቱ ድርና ማግ ግን አልተመለሰም። በመጠቅለያው ላይ ከአያቴ የሰማሁትን ሁሉ ጽፌበታለሁ፤ በመጨረሻውም መስመር «በ1981 ዓ.ም. በጥርስ ሳሙና የፈተግሁት እኔ ነኝ» ብዬ ፈርሜበታለሁ። ልጄ ሲወርሰው ይህንንም አብሮ እንዲያውቅ ነው።